የዛገውን መረጥኩ፦ የአንድ የቮልስ ሞተር ጉዳይ

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ቮልስ 1300። እኔም እህቴም ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት ዘይት መጣል ጀመረች። መጀመሪያ ጠብታ ነበር። በኋላ ከቆመችበት ስትነሳ መዳፍ የሚያህል እድፍ ትታ መሄድ ጀመረች። የዘይት ማገጃ ጎማው ይሆናል ብለን ቀየርን። ጓርኒሲዮን ይሆናል ብለን ቀየርን። አልቆመም። በመጨረሻ ሞተሩን አውርደን በቤንዚን ስናጥበው ምክንያቱ ታየ። ሞኖብሎኩ፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚታሰርበት የሞተሩ ዋና አካል፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ ተሰንጥቋል።

ይሄ የቮልስ ሞተር የታወቀ ሕመም ነው። ሞተሩ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። በእኛዋ ዘመን በነበሩት ሞተሮች ዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር አንዴ ዘይቱን አቀዝቅዞ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህንን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ1970 አጋማሽ በኋላ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አወጣው፤ ለብቻውም አየር ሰጠው። ለአባቴ መኪና ግን አልደረሰላትም።

ይበየድ ያሉኝ ነበሩ። ሞኖብሎኩ ግን ማግኒዥየም ነው። ሲበየድ ይጣመማል። ሲጣመም ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ የሚተኛበት መስመር ይዛነፋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ቢቆምም ሞተሩ ዕድሜ አይኖረውም። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ላድሰው ወሰንኩ። እዚህ የማቀርበው የዚያን ግዢና እድሳት ጉዳይ ነው። ግዢው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያ ነው ብዬ ስለማምን።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ለራሴ ግልጽ አደረግኩ። ምንድነው የምገዛው? ቮልስ በዓለም ላይ 21,529,464 ተመርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። ይህን ያህል መኪና ስላለ ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና (ኮሎው ተቀምጦ የሚዞርበት ልባስ)፣ ቫልቭ አሁንም አዲስ ይሠራል። አዲስ አበባም ፈልገህ አታጣም። እዚህ በቀላሉ የማይገኘው ሁለት ነገር ነው፤ ጤነኛ ሞኖብሎክና ጤነኛ ኮሎ። ስለዚህ ሞተር የምገዛ ቢመስልም የምገዛው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሌላው ሁሉ ስጦታ ነው። ይህን በልቡ ያልያዘ ሰው በድምፅ ይሸነፋል።

እኔም ልሸነፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ሞተር ያየሁት ሱማሌ ተራ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሱማሌ ተራን ማስረዳት አያስፈልገውም። በር፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ግማሽ መኪና ሳይቀር ተደርድሮ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሻጩ ሞተሩን አጥቦ፣ ብር ቀለም ነፍቶ፣ መሬት ላይ አስቀምጦታል። የቮልስ ሞተሪኖ የሚታሰረው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ላይ ስለሆነ፣ መሬት ላይ ለማስነሳት የተቆረጠ የካምቢዮ ቤት ከነሞተሪኖው ገጥሞለታል። ቤንዚኑ በሃይላንድ ተንጠልጥሏል። ባትሪ አስነካ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ያ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የቮልስ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ ዋጋውን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚሰጠው ግፊት፣ ይለካ አለ። ለካን። አራቱም ሲሊንደር ወደ 6 ባር ይሰጣሉ። ጓደኛዬ ፊቱ ጠቆረ። የያዝነው የጥገና መጽሐፍ ከዚያ የበለጠ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየራችን በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው የሚያገኘውን አየር ነውና፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 8 ባር የሚሰጥ ሞተር እዚህ 6 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። በዚህ የተነሳ ደህና ሞተር «ደክሟል» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ። ይልቅ አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸውን ማየት ነው።

ኮምፕሬሽኑ ደህና ነው። ድምፁም ደህና ነው። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከታች ያለውን የኮሎ ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ወደ እኔ ሳብኩት። ወደ ውስጥ ገፋሁት። «ቷ» አለ። ደግሜ ሳብኩ። «ቷ»። እንቅስቃሴው በዓይን ይታያል።

ይህ ምን ማለት ነው? ኮሎው ወደፊትና ወደኋላ ሊጫወት የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። ቢበዛ 0.15። ይህን ያህል በእጅህ ትንሽ ልትሰማው ትችል ይሆናል እንጂ በዓይንህ አታየውም። በዓይን ከታየ ግን፣ ኮሎው እየተመታ ሞኖብሎኩ ውስጥ ያለውን የብሮንዚና መቀመጫ በልቶታል ማለት ነው። አንደኛውን ብሮንዚና ብትቀይር አዲሱም እዚያው ይላወሳል። ልገዛ የመጣሁት ሞኖብሎክ አልቋል።

ሻጩ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ሞተር ይሰማል እንጂ እንዲህ ይጎተታል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ሰምቶ ነው የሚገዛው። ደግሞም መኪናውን ዛሬ አስነስቶ ስድስት ወር ለሚነዳ ሰው ያ ሞተር መጥፎ አልነበረም። ለእኔ ግን አይሆንም። አመስግኜው ወጣሁ።

ሁለተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው ያየሁት። የቮልስ ሞተር ቁጥር የሚመታው ዲናሞው ከሚቆምበት ሥር፣ ሞኖብሎኩ ላይ ነው። ከፊቱ ያለው ፊደል የሞተሩን ዓይነት ይነግርሃል። «ዲ» ከሆነ 1200 ነው። «ኤፍ» የእኛው 1300። «ኤች» 1500። በላምባ የራሰ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ቦታውን ሳጸዳ ቁጥሩ የለም። በሞላ ተፍቋል። «ሊብሬ ላይ እናስተካክላለን፣ አታስብ» አሉኝ። ቁጥሩ የጠፋ ሞተር ከየት እንደመጣ አታውቅም። የተሰረቀ ቢሆንስ? የአባቴን መኪና በዚያ ነገር ውስጥ አላስገባትም። ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ ሄድኩ።

ሦስተኛውን የጠቆመኝ የሰፈራችን መካኒክ ነው። «ቢሾፍቱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቮልሳቸው ተገልብጣ ቦዲዋ ከተጣለ ቆይቷል፤ ሞተሩን ግን አልሸጡም» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

ጋሼ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ነበሩ። ይህን ከመናገራቸው በፊት መደርደሪያቸው ነገረኝ። የኒዶ ጣሳዎቹ በሙሉ ላያቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ምን ዳዶ እንዳለ፣ ከየት እንደተፈታ፣ በየትኛው ቀን። ሞተሩ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ በሸራ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ሸራውን ሲገልጡት ልቤ ትንሽ ወደቀ። ዝገት፣ አቧራ፣ የዶሮ ላባ። ፑሌጃውን ለማዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ይዟል።

«ለምን እንደያዘ ልንገርህ ልጄ» አሉኝ። «ሳወርደው አራቱም ውስጥ ዘይት ጨምሬ ካንዴላውን ዘግቼ ነበር ያስቀመጥኩት። ጎረቤቴ ካንዴላ ቸገረኝ አለና የአንደኛውን ፈትቼ ሰጠሁት። ነገ እመልሳለሁ ብሎ ሄደ። ጨርቅ ወትፌበት ነበር፤ ጨርቁን ዶሮ ይሁን አይጥ ጎትቶት ይሆናል። ስምንት ክረምት ገብቶበታል።»

ይህን ማንም ሻጭ አይነግርህም። ሲነግሩኝ ግን ውሳኔዬ ግማሽ መንገድ ሄደ። የያዘው አንድ ሲሊንደር ነው፤ ምክንያቱም ታውቋል። በሌላ መኪና ቢሆን ሲሊንደሩና ሞኖብሎኩ አንድ ብረት ስለሆኑ ዝገቱ ሞኖብሎኩን ይጎዳል። የቮልስ ሲሊንደሮች ግን አራት የተለያዩ ቁራጮች ናቸው። ከሞኖብሎኩ ላይ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። እኔ ደግሞ አራቱንም ከነፒስተናቸው በአዲስ ልቀይር ነው የመጣሁት። ታዲያ የዛገው ልጥለው የነበረው ነገር ነው።

ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ቁጥሩን በላምባና በብሩሽ አጸዳሁት። «ኤፍ» ብሎ ይጀምራል፤ አንድም ቁጥር አልተነካም። ቀጥሎ ባትሪ አብርቼ ከሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ አየሁ። የእኛው የተሰነጠቀበትን ቦታ በጥፍሬ ጭምር ፈተሽኩት። ደረቅ ነው፤ ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ቴስታታዎቹን (ቫልቮቹ ያሉባቸውን የሲሊንደር ክዳኖች) የሚይዙትን ረጃጅም ብሎኖች አየሁ። በአንድ ጎን ስምንት፣ በሁለቱም አሥራ ስድስት ናቸው። ማግኒዥየም ለስላሳ ስለሆነ እነዚህ ብሎኖች ጥርሳቸውን ይዘው ይነቀላሉ። አንድም የተላወሰ አላገኘሁም።

በመጨረሻ ከሥር ያለውን የዘይት ወንፊት ለመፍታት ፈቃድ ጠየቅኩ። የዚህ ሞተር ማጣሪያ እሷው ወንፊት ብቻ ናት፤ ስለዚህ የሞተሩ ታሪክ በሙሉ እዚያ ይጠራቀማል። ስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው። ጋሼ ቆርቆሮ ይዘውልኝ ተቀመጡ። ዘይቱ እንደ ሬንጅ እየተጎተተ ወረደ። ወንፊቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ማግኔት አስጠጋሁ። ምንም አልያዘም። ጨርቁን ፀሐይ ላይ አገላበጥኩት። ብሮንዚና እያለቀ ሲሄድ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ይተዋል፤ እሱም የለም። ጥቁር አተላ ብቻ።

ፑሌጃውንም ሳብኩ፣ ገፋሁ። ምንም አላለም። ግን ይሄ ማስረጃ አይሆንም። የያዘ ሞተር ሊላወስ አይችል ይሆናል። ይህን ለጋሼም ነገርኳቸው። «ይሄ አንዱ ያልተረጋገጠ ነገር ነው» አልኳቸው። አሰብ አድርገው «እንግዲያው እሱን ከዋጋው ላይ እንቀንሰው» አሉ። ከጠየቁት ላይ አንድ አምስተኛ ቀነሱልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ራሱ መርካቶ ካየሁት ከግማሽ በታች ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሞተሩ ለቁርጥራጭ ብረት እንዳይሸጥ፣ ሲነሳ ደግሞ አምጥቼ እንዳሳያቸው። ቃል ገባሁ።

ወረቀቱ ላይ አልቸኮልንም። የድሮዋ መኪና ሊብሬ አላቸው፤ የሞተር ቁጥሩ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። የሽያጭ ውል ጻፍን፤ ቁጥሩን በፊደልና በአኃዝ አስገባን፤ ሦስት ምስክር ፈረመ። የሊብሬውን ኮፒም ሰጡኝ። በኋላ ያ ወረቀት ብዙ አዳነኝ። የሞተር ቁጥር ተቀይሮ ሊብሬ ላይ ካልተስተካከለ ቦሎ ስታሳድስ ትቆማለህ። ውሉና ሊብሬው ስለነበሩ የእኛው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተስተካከለ።

ከመጫኔ በፊት ላሜራውን ቆጠርኩ። የአየር ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን እንዳይረሳ እለምናለሁ። ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ላሜራዎች ጌጥ አይደሉም። ማራገቢያው የገፋው አየር ሲሊንደሮቹን ታክኮ እንዲያልፍ የሚመሩት እነሱ ናቸው። አንዱ ከጎደለ አየሩ ያመልጣል፤ ወይም የሞቀው አየር ዞሮ ይገባል። ብዙ የሚሸጡ ሞተሮች ላሜራቸው ጎድሎ ነው የማያቸው። ጋሼ የነፈሰ ብሎን እንኳ አልጣሉም። ሙሉው አለ።

ሞተሩ 110 ኪሎ ገደማ ነው። ለሁለት ሰው ይነሳል። በዳማስ ጭነን፣ አሮጌ ጎማ ሥሩ አድርገን አዲስ አበባ ገባን።

ግቢያችን ያለችው ሰርቪስ ክፍል የቤት ጋራዥ ሆነች። እናቴ የድሮ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋን ሰጠችኝ። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ደባልቄ ጨመርኩ። በየማታው እየጨመርኩ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። በብረት መዶሻና በረጅም ቧንቧ ማስገደድ ይቻል ነበር። ግን የማድነው ኮሎውን ነው፤ ኮሎ ላይ ጉልበት አይሞከርም። በአሥረኛው ቀን ቴስታታዎቹን ፈታሁ። ሦስቱ ሲሊንደሮች በእጅ ወጡ። የዛገውን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ስመታው ከብዙ ቆይታ በኋላ «ክርር» ብሎ ተንሸራተተ። ውስጡ ቡናማ ነው። ፒስተኑን አልፎ እጄ ላይ ሲወድቅ ፑሌጃውን ያዝኩና አዞርኩት። ኮሎው እንደ ሰዓት ዞረ።

ወዲያው ዳያል ጌጅ ተበድሬ አስጠጋሁ። ፑሌጃውን ሳብኩ፣ ገፋሁ። መርፌዋ 0.12 ላይ ቆመች። ከፋብሪካው ልክ ውስጥ ናት። ደግሜ ለካሁ፤ 0.12። ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ያ የቀነሱልኝ ገንዘብ ሊመለስልዎ ይገባል» አልኳቸው። «ለብሮንዚና አድርገው» አሉኝ።

ሞኖብሎኩን ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ያሉትን የብሮንዚና መቀመጫዎች፣ በተለይ የመሃለኛውን፣ በጣቴ ዳሰስኩ። ይህ ሞተር ሲያረጅ የመሃሉ መቀመጫ እየተቀጠቀጠ ዳር ዳሩ ላይ ጠርዝ ያበቅላል። ጠርዙ ከተሰማህ ሞኖብሎኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ በሞላ መስመሩ መስፋት አለበት፤ ብሮንዚናውም ለዚያ ልክ የተሠራ መሆን አለበት። የእኛው ለስላሳ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄም አስለካሁት፤ ስታንዳርድ ነው አሉኝ። ኮሎው ግን አንዱ የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) መቀመጫ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረው። አራቱም የቢየላ መቀመጫዎች በ0.25 ተሞረዱ። የቢየላ ብሮንዚናም በዚያው ልክ ተገዛ።

ከቢሾፍቱ የመጡት ቴስታታዎች ግን አልተረፉም። ሁለቱም ከካንዴላው ቀዳዳ እስከ ቫልቭ መቀመጫው ድረስ ተሰንጥቀዋል። ለካ የእኛው የድሮው ሞተር ጤነኛ ቴስታታ ነበረው። ዓይነቱ አንድ ስለሆነ ያለ ምንም ለውጥ ገጠመ። የማስወጫ ቫልቮቹን በሙሉ አዲስ አደረግኳቸው፤ የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ አንገቱ ተቆርጦ ፒስተን ላይ ሲወድቅ ሞተር በሙሉ ይዞ ይሄዳልና። እንዲህ ሆኖ ከሁለት ሞተር አንድ ሞተር ተወለደ። የቢሾፍቱው ሞኖብሎኩን፣ ኮሎውንና ላሜራውን ሰጠ። የአባቴ ቴስታታውን፣ ካርቦራተሩንና ዘይት ማቀዝቀዣውን።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ሁለቱን የሞኖብሎክ ግማሾች ስትገጥም መሃላቸው ጓርኒሲዮን የለም፤ ስስ ማጣበቂያ ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት ክብ ብሮንዚናዎች እንዳይዞሩ እያንዳንዳቸው ሞኖብሎኩ ላይ ባለች ትንሽ ፒን ላይ ይቀመጣሉ። ፒኗ የብሮንዚናው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለባት፤ ኮሎው ከተጋደመ በኋላ ግን ቀዳዳዋን አታያትም። ገጠምኩ። ስድስቱን ትልልቅ ዳዶዎች ቀስ በቀስ እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። በየመሃሉ ኮሎውን አዞር ነበር። ቀላል ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ ከበደ። «ማጣበቂያው ይሆናል» ብዬ ራሴን ልሸነግል ነበር። አንድ ሌሊት አደርኩበትና ጠዋት ፈታሁት። በቮላኖው፣ ኮሎው ጫፍ ላይ በሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ በኩል ያለው ብሮንዚና ፒኗን ስቷል፤ ጀርባው ላይ ፒኗ ጎድጓዳ ነጥብ ተክላበታለች። ለአንዱ ብሮንዚና ሲባል ሙሉ ስብስብ እንደገና ተገዛ። ሁለት ሳምንት ሄደ።

በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ኮሎውን ሳላስገባ ብሮንዚናውን ብቻ ፒኗ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልጭ ብሎ ሲገባ ከሞኖብሎኩ ጠርዝ ትይዩ ላዩ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አደረግኩ። ለሁሉም እንዲሁ። ኮሎውን ሳጋድም ሰረዞቹን ከጠርዙ ጋር አገጣጠምኩ። ትንሽ ሳወዛውዘው «ጥቅ» ብሎ ሲቀመጥ ተሰማኝ። ያንን «ጥቅ» ከሁሉም ብሮንዚና ሳልሰማ አልዘጋሁም። ስለ እርሳሱ ሰረዝ መጽሐፍ ላይ ባነብም እንደዚያ ቀን አልገባኝም ነበር።

ቀጥሎ የኮሎውን ጨዋታ መወሰን ነው። ይህ ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ራንዴላዎች ይስተካከላል። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ አስገብተህ ትለካለህ። የእኔ 0.44 ወጣ። ሊቀር የሚገባው 0.10 ስለሆነ ቀሪው 0.34 ነው። ሦስተኛዋ ራንዴላ ውፍረቷ 0.34 መሆን አለባት። በዚያ ልክ ተሠርታ ትሸጣለች። ሦስቱንም አስገብቼ ስለካ ልክ 0.10። የቮላኖው ትልቁ ዳዶ በ36 ቡሶላ ነው የሚጠብቀው፤ የሚፈልገው ኃይል አንድ ሜትር ላይ 30 ኪሎ ነው። ያን ያህል የሚለካ ቶርክ ሬንች አላገኘሁም። እኔ 60 ኪሎ ነኝ። ቧንቧው ላይ ግማሽ ሜትር ለክቼ በኖራ ምልክት አደረግኩ። ሁለት ጓደኞቼ ሞተሩን ይዘው፣ ቮላኖው በማዕዘን ብረት ታስሮ፣ ምልክቱ ላይ በሙሉ ክብደቴ ቆምኩ። ቧንቧው መውረዱን ሲያቆም ወረድኩ።

ቀሪው ፈጥኖ ሄደ። አዲሶቹ 77 ሚሊ ፒስተኖችና ሲሊንደሮች ገቡ። ቫልቮቹ በቀዝቃዛው 0.15 ላይ ተስተካከሉ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ተጨመረ። ሞተሩን መኪናዋ ላይ የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ጀምረን ሳይመሽ ገጠምነው። ካንዴላዎቹን ሳላስገባ በሞተሪኖ ብቻ አዞርኩት፤ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ። ጠፋች። ካንዴላ አስገባን። አባቴ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ሒሳቡን ስሠራው ለሞተሩ ከከፈልኩት ይልቅ ለቶርኖ ቤትና ለዕቃ የወጣው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ለመግዣ ብቻ ገንዘብ የያዘ ሰው ሞተር አይግዛ። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሞተር ለማንም አይሆንም፤ ጣሳዎቹ ይበተናሉ፣ ፒኖቹ ይጠፋሉ።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን ቀየርኩ፤ ወንፊቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት፤ ቫልቮቹን እንደገና አስተካከልኩ። ወንፊቱ ንጹህ ነበር። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ቢሾፍቱ ሄድን።

ጋሼ በሩ ላይ ጠበቁን። ድምፁን ከሩቅ ሰምተው ነበር። ሞተሩን አጥፍተን ኮፈኑን ከፈትን። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ድረስ ቆየን። ሲቀዘቅዝ ጋሼ ተነሱ፤ ጎንበስ ብለው ፑሌጃውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳቡት። ገፉት። ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙት።

«የለውም» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ኮፈኑን ራሳቸው ዘጉት።